ወፍጮ ቤት ውስጥ ያለ ቦርድ በዋይፋይ ሲታረም ለምን ይቋረጣል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው። አባትሽ ኮምቦልቻ ውስጥ ወፍጮ ቤት አላቸው። ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋ ሞተሩ እየተቃጠለ ስላስቸገራቸው፣ ኤስቲኤም32ኤፍ103 የተባለውን ቺፕ ተጠቅመሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ ሠራሽላቸው፤ የሦስቱንም መስመር ከረንት ይለካል፣ ችግር ሲያይ ኮንታክተሩን (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትልቅ ማብሪያ) ይጥላል። ፕሮግራሙን የምታርሚው፣ ማለትም እያስቆምሽ ስህተቱን የምትፈልጊው፣ ኢኤስፒ8266 በተባለ የዋይፋይ ቺፕ ላይ በተሠራ ፕሮብ (ላፕቶፑን ከቦርዱ ቺፕ ጋር በሚያነጋግር ትንሽ መሣሪያ) ነው። ፕሮቡ በዩኤስቢ/አይፒ (የዩኤስቢን መልእክት በኔትወርክ በሚያሳልፍ ዘዴ) አማካይነት ከላፕቶፕሽ ጋር ይገናኛል፤ ትእዛዝ የምትሰጪበት ጂዲቢም፣ ትእዛዙን ለፕሮቡ የሚያስተላልፈው ኦፕን-ኦሲዲም የሚሠሩት ላፕቶፑ ላይ ነው። ደሴ ቤትሽ ጠረጴዛ ላይ ደህና ይሠራል። ኮምቦልቻ ወርደሽ፣ ቦርዱን ፓኔሉ ውስጥ አስገብተሽ፣ በስልክሽ ሆትስፖት ስትሞክሪው ግን የፕሮግራሙን አንድ መስመር ለመራመድ ብዙ ሰከንድ ይፈጃል፤ ኮንታክተሩ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ዋይፋዩን ትቼ ረጅም የዩኤስቢ ገመድ ልዘርጋ ወይ፣ ካልሆነስ በምን ላስተካክለው፣ ደሴ ተቀምጬስ ቦርዱን ማረም እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

ከገመዱ ልጀምር፤ ምክንያቱም መልሱ ሊቆይ የማይችለው እሱ ነው። በምንም ዓይነት የዩኤስቢ ገመድ እንዳትዘረጊ። ከጥያቄሽ መካከል አንዲት ዓረፍተ ነገር አስደንግጣኛለች፤ የቦርዱን ኃይል ያለ ትራንስፎርመር፣ ከ220 ቮልቱ በኮንደንሰር ቀንሰሽ እንደምታገኚ ጽፈሻል። እንዲህ ባለ ቦርድ ላይ ግራውንድ የምንለው ነጥብ ከመስመሩ ሽቦዎች አንዱ ራሱ ነው። ኒውትራሉ በትክክል ገብቶ ከሆነ ላይሰማሽ ይችላል። አንድ ኤሌክትሪሻን ሁለቱን ሽቦ ያቀያየረ ዕለት ወይም ኒውትራሉ የላላ ዕለት ግን የቦርዱ ግራውንድ 220 ቮልት ይሆናል። የዩኤስቢ ገመድ ደግሞ ያን ግራውንድ ወስዶ ከላፕቶፑ ብረት ጋር ያገናኘዋል፤ የላፕቶፑን ብረት የምትነኪው አንቺ ነሽ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ በአንድ ጥገና ቤት ልክ እንዲህ ያለ ቦርድ በዩኤስቢ ፕሮብ ላነብ ስል ላፕቶፔ ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ ነበር። መሰኪያውን ገና ሳስገባ እንደ ጅራፍ ጮኸ፤ የመሰኪያው ጫፍ ጠቁሮ ቀለጠ፤ ላፕቶፑም ከዚያ በኋላ አልተነሣም። አውራ ጣቴ ከቀለጠው ብረት የአንድ ጣት ያህል ብቻ ይርቅ ነበር። ስለዚህ ዋይፋይ መምረጥሽ ትክክል ነው። በባትሪ የሚሠራ ፕሮብና በአየር የሚሄድ መረጃ ላፕቶፕሽን ከመስመሩ ፈጽሞ ይነጥሉታል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መንገድ አላውቅም።

ነገር ግን ላፕቶፑ ዳነ ማለት ፕሮቡ ከአደጋ ወጣ ማለት አይደለም። ከቦርዱ ጋር እስከተገናኘ ድረስ ፕሮቡም፣ የፕሮቡ ፓወር ባንክም፣ የፓወር ባንኩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብረትም መስመሩ ላይ ናቸው። ብሬከሩን አጥፊ፣ በቴስተር ለክተሽ አረጋግጪ፣ ሽቦውን አገናኚ፣ ሁሉንም በፕላስቲክ ሳጥን ዝጊ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አብሪ። ፓወር ባንኩን እዚያው እንዳለ ቻርጅ አታድርጊው፤ ቻርጀር ከሰካሽበት የነጠልነውን መልሰሽ አገናኘሽው። የሚቀጥለውን ቦርድ ስትሠሪ ደግሞ በስልክ ቻርጀር ውስጥ እንዳለው ያለ፣ ግብዓቱና ውጤቱ የተነጣጠለ የ5 ቮልት ኃይል ሰጪ አስገቢበት፤ ከረንቱንም በከረንት ትራንስፎርመር ለኪ። ቮልቴጁን ግን በሬዚስተር ከፋፍለሽ በቀጥታ ከመስመሩ የምታነቢ ከሆነ ኃይል ሰጪውን መቀየር ብቻውን አይነጥለውም።

አሁን ወደ ዝግታው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የዋይፋዩን ፍጥነት ይጠረጥራል፤ ሜጋቢት ይቆጥራል። እዚህ ላይ ግን ሜጋቢት ዋጋ የለውም፤ የሚያልፈው መረጃ እፍኝ የማይሞላ ነው። ዋጋ ያለው የምልልሱ ብዛት ነው። ደሴ ያለ ሰው ኮምቦልቻ ላለ ወንድሙ ደብዳቤ ሲጽፍ ሙሉውን ወረቀት በአንድ ሚኒባስ ቢልክ በዚያው ዕለት ይደርሳል። አንድ ፊደል ልኮ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ተመልሶ እስኪመጣ እየጠበቀ ሁለተኛውን ፊደል ቢልክ ግን መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ደብዳቤው ዓመት አይበቃውም።

ያንቺ አሠራር ሁለተኛው ነው። ጂዲቢ «አንድ መስመር ተራመድ» ሲል ኦፕን-ኦሲዲ ያንን ወደ ብዙ ትናንሽ ትእዛዞች ይበትነዋል፤ ይህን ሬጅስተር (በቺፑ ውስጥ ያለች ትንሽ ማኅደር) ጻፍ፣ ያንን አንብብ፣ ቆሟል ወይ፣ እንደገና ጠይቅ። ዩኤስቢ/አይፒ ደግሞ እያንዳንዱን ትንሽ ትእዛዝ ጠቅልሎ በአየር ይልካል፣ መልሱንም ይጠብቃል። አንድ ምልልስ 5 ሚሊሰከንድ ቢወስድና አንድ እርምጃ 200 ምልልስ ቢያስፈልገው ድምሩ 1 ሰከንድ ነው፤ ይህን ሰው ይታገሣል። አንዱ ምልልስ 100 ሚሊሰከንድ ቢሆን ግን ያው እርምጃ 20 ሰከንድ ይሆናል።

100 ሚሊሰከንድን ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም። የዋይፋይ ማሠራጫ «አለሁ» የሚል ምልክት የሚያሰማው አብዛኛውን ጊዜ በየ102.4 ሚሊሰከንዱ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ የሚያንቀላፋ መሣሪያ ሬዲዮውን አጥፍቶ ይተኛና በዚያ ምልክት ሰዓት ነቅቶ «የመጣልኝ አለ?» ይላል። እስከዚያ የተላከለት ሁሉ ማሠራጫው ዘንድ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ኢኤስፒ8266ም ተከታዩ ኢኤስፒ32ም ካልተነገራቸው በቀር እንደ ተገናኚ ሲሠሩ እንዲህ ያንቀላፋሉ፤ ላፕቶፕሽም በባትሪ ሲሆን ሊያደርገው ይችላል። ደሴ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ፣ ራውተሩም አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ላፕቶፑ በባትሪ ነው፤ በላዩ ላይ የስልኩ ሆትስፖት ተጨመረ። በሆትስፖት ደግሞ እያንዳንዱ መልእክት ከላፕቶፕ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ፕሮብ አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል።

ይህን በግምት አትተዪው፤ ለኪው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሆነሽ ወደ ፕሮቡ መቶ ፒንግ («አለህ?» ብሎ መልሱ የሚመጣበትን ጊዜ የሚለካ መልእክት) ላኪ። መልሶቹ ሁሉ ጥቂት ሚሊሰከንድ ከሆኑ አየሩ ደህና ነው። አንዱ 4፣ ሌላው 61፣ ቀጣዩ 98፣ ከዚያ 23 እያለ እስከ መቶ ድረስ የተበታተነ ከሆነ አንድ ቦታ የሚያንቀላፋ አለ። አብዛኞቹ ጥቂት ሚሊሰከንድ ሆነው አንዳንዱ ጨርሶ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ችግሩ እንቅልፍ አይደለም፤ የምልክት ድክመት ወይም ረብሻ ነው። ለእንቅልፉ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በፕሮቡ ፕሮግራም ውስጥ የዋይፋይ ኃይል ቁጠባን ማጥፋት፣ ላፕቶፑም ላይ እንዲሁ። ፕሮቡ ራሱ ማሠራጫ እንዲሆን ማድረግ ከዚያም ይሻላል። ማሠራጫ አያንቀላፋም፣ ስልኩም ከመካከል ይወጣል፣ አየሩን የሚያቋርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ እንቅልፉን ማጥፋት ግማሹ መፍትሔ ነው። ዋናው ምክሬ ምልልሱን አየር ላይ አታድርጊው የሚል ነው፤ ብዙ የሚያወሩትን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪያቸው። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው የብላክ ማጂክ ዓይነት ፕሮብ ነው። በዚህ ዓይነት የጂዲቢ አገልጋዩ፣ ማለትም የኦፕን-ኦሲዲን ሥራ የሚሠራው ክፍል፣ ያለው ፕሮቡ ውስጥ ራሱ ነው፤ ለኢኤስፒ32 የተዘጋጁ የዋይፋይ ቅጂዎችም አሉት። ጂዲቢ «ተራመድ» ይላል፣ ፕሮቡ ከቺፑ ጋር ያለውን ንትርክ በሽቦው ላይ ጨርሶ «ተራምዷል» ብሎ ይመልሳል። መቶውና ሁለት መቶው ምልልስ ወደ ጥቂት ይወርዳል። በዚህ መንገድ ከሄድሽ የጂዲቢን የመጠበቂያ ጊዜ ከ2 ሰከንድ ወደ 10 ከፍ አድርጊው፤ አንድ መልእክት ስለዘገየ ብቻ ተስፋ እንዳይቆርጥ።

ሁለተኛው፣ እኔ ለወፍጮ ቤትሽ የምመርጠው፣ ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የተባለ ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ኦፕን-ኦሲዲን ፓይው ላይ ትጭኛለሽ፤ ፓይውን ከቦርዱ ጋር ባለሽ የኤስቲ-ሊንክ ፕሮብ ወይም በቀጥታ ከራሱ እግሮች በሚወጡ ሽቦዎች ታገናኚዋለሽ። እዚህ ላይ ብዙዎች ኦፕን-ኦሲዲን ብቻ ፓይው ላይ ትተው ጂዲቢን ከላፕቶፕ በ3333 በር (ኦፕን-ኦሲዲ ጂዲቢን በሚቀበልበት የኔትወርክ በር) ያገናኛሉ። አንቺ አንድ እርምጃ ጨምሪ፤ ጂዲቢንም እዚያው ፓይው ላይ አስኪጂው፣ አንቺ በኤስኤስኤች (ከርቀት ኮምፒውተር ውስጥ በሚያስገባ መንገድ) ግቢ፣ ጂዲቢውንም በቲሙክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ፕሮግራምን ሕያው በሚያቆይ መስኮት) ውስጥ ክፈቺው። ያን ጊዜ በአየር የሚሄደው የምትጽፊው ፊደልና የምታዪው ጽሑፍ ብቻ ነው። ዋይፋዩ ቢቋረጥ እንኳ ጂዲቢው ምንም አያውቅም፤ ተመልሰሽ ስትገቢ የተውሽበት መስመር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። አዲስ ፕሮግራም ስትጭኚም ፋይሉ በሙሉ መጀመሪያ ፓይው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በሽቦ ይጻፋል፤ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ የቀረ ቺፕ ይዘሽ አትቀሪም። ደሴ ላይ ይህንኑ ሥርዓት ለምጄው፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ላለ ቦርድ እንኳ ላፕቶፔን በቀጥታ አልሰካም።

ኃይሉን በተመለከተ አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። ከአንድ ሊቲየም ባትሪ በኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር (ቮልቴጅ ቀናሽ) አሳልፌ 3.3 ቮልት አገኛለሁ እንዳትዪ። ያ ሬጉሌተር ከሚሰጠው በላይ ወደ 1 ቮልት ገደማ ትርፍ ይፈልጋል፤ ባትሪው 3.7 ቮልት ላይ ሳለ 3.3 ሊያወጣ አይችልም። ዋይፋዩ ሲያሠራጭ ከረንቱ በቅጽበት ይዘልላል፣ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ፕሮቡ ራሱን ያስነሣል፤ አንቺ ደግሞ «ኔትወርክ ተቋረጠ» ትያለሽ። ባለ 5 ቮልት ፓወር ባንክ ተጠቀሚ፤ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ግን የሚሳበው ከረንት ሲያንስበት ራሱን ስለሚያጠፋ አስቀድመሽ አንድ ሰዓት ሞክሪው። የቦርዱን 3.3 ቮልትና የፕሮቡን 3.3 ቮልት አንድ ላይ አታስሪ፤ ግራውንድ፣ የመረጃው ሽቦ፣ የክሎኩ ሽቦና ሪሴት (ቺፑን እንደ አዲስ የሚያስነሣው ሽቦ) ይበቃሉ።

ኮንታክተሩ ሲንቀሳቀስ የሚቋረጠውን ለማወቅ ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ የሚቋረጠው ሲይዝ ነው ወይስ ሲለቅ? ሲይዝ ከሆነ ሞተሩ ሲነሣ ከመደበኛው ከረንት አምስትና ስድስት እጥፍ ስለሚስብ የመስመሩ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ የቦርድሽ ኃይል ሰጪ አብሮ እየወረደ ይሆናል። ሲለቅ ከሆነ የኮይሉ (የኮንታክተሩ ማግኔት ጥቅል) ድንገተኛ የቮልቴጅ ከፍታና የብልጭታው ረብሻ ነው። ለሁለተኛው፣ በኮይሉ ሁለት ጫፍ መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አድርገሽ ግጠሚ፤ ካፓሲተሩ ኤክስ2 የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ለመስመር ቮልቴጅ የተሠራ መሆን አለበት። የተቋረጠው አየሩ ይሁን ሽቦው ለመለየት ፒንጉን በሌላ መስኮት ክፍት አድርገሽ ኮንታክተሩን አንቀሳቅሺ። ፒንጉ ሳይዛነፍ ኦፕን-ኦሲዲ ስህተት ካወጣ ጥፋቱ ከፕሮቡ እስከ ቺፑ ባለው ሽቦ ወይም በቦርዱ ኃይል ላይ ነው። ሽቦውን ከአንድ ስንዝር በታች አሳጥሪው፣ ግራውንዱን ከክሎኩ ጋር ጠምዝዢው፣ ፍጥነቱንም ከ4000 ኪሎኸርትዝ ወደ 500 አውርጂው። ጃምፐር ሽቦ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ እንጂ ወፍጮ ላይ አይሆንም፤ ድንጋዩ ሲዞር ግድግዳው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፣ ሽቦው በአንድ ቀን ይላላል። ቆልፎ የሚይዝ መሰኪያ አድርጊለት ወይም በይጂው፤ ብየዳው ግን ከወፍጮው ክፍል ውጭ ይሁን፣ በአየር ላይ የተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ እሳት ይይዛል።

ፒንጉም አብሮ ከጠፋ የፓኔሉን በር ተመልከቺ። የብረት ሳጥን ተዘግቶ ዋይፋይ ከውስጥ እንዲወጣ መጠበቅ አይቻልም። እዚህ ላይ የሚመጣልሽን ሐሳብ አውቀዋለሁ፤ የአንቴና ገመድ ገዝቼ አንቴናውን ከፓኔሉ ውጭ ላድርገው ትያለሽ። አታድርጊው። የአንቴናው ገመድ ውጫዊ ሽቦ ከፕሮቡ ግራውንድ ጋር አንድ ነው፤ የፕሮቡ ግራውንድ ደግሞ በአሁኑ ቦርድሽ መስመሩ ነው። ከፓኔሉ ውጭ፣ እህል ተሸክሞ የሚገባ አስፈጪ ሊነካው በሚችልበት ቦታ 220 ቮልት ልታወጪ ነው። በዚያ ፈንታ ለሙከራው ጊዜ ከፓኔሉ ጎን ወፍራም የፕላስቲክ ሳጥን ግጠሚና ፓይውን ከነባትሪው በእሱ ውስጥ ዝጊው። ፕላስቲክ ዋይፋይን ያሳልፋል፣ ጣትን አያሳልፍም።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ልንገርሽ፤ አንቺ አልጠየቅሽውም፣ እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እንዲቆም ምልክት ያደረግሽበት መስመር) ላይ ስታቆሚው የሚቆመው ፕሮሰሰሩ እንጂ ሞተሩ አይደለም። ኮንታክተሩን የሚያዘው የቺፑ እግር በነበረበት ይቀራል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ፌዝ ቢጠፋ የሚያየው የለም። በገመድ ሲሆን ዓይንሽ እያየ ቶሎ ታስቀጥዪዋለሽ። በዋይፋይ ግን ልክ በዚያች ሰዓት ግንኙነቱ ቢጠፋ ቺፑ እንደቆመ ይቀራል።

ይህን ዋችዶጉ (ፕሮግራሙ ሲደነዝዝ ቺፑን እንደ አዲስ የሚያስነሣው ሰዓት ቆጣሪ) ያድነዋል ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ለኤስቲኤም32ኤፍ1 ከኦፕን-ኦሲዲ ጋር የሚመጣው የማዋቀሪያ ፋይል ግን ሲገናኝ ዲቢጂኤምሲዩ በተባለው ሬጅስተር ውስጥ 8ኛውንና 9ኛውን ቢት ያበራል፤ ትርጉሙም «ፕሮሰሰሩ ሲቆም ሁለቱም ዋችዶጎች ይቁሙ» ማለት ነው። ለጠረጴዛ ሥራ ይህ ጥሩ ነው፤ በየብሬክፖይንቱ ቺፑ እየተነሣ አያስቸግርሽም። ወፍጮ ቤት ስትወርጂ ግን የማዋቀሪያ ፋይሉን ለብቻ ቅጂ፣ ራሱን የቻለውን ዋችዶግ የሚያቆመው 8ኛው ቢት እንዳይበራ አድርጊ፣ ዋችዶጉንም ግማሽ ሰከንድ ላይ አድርጊው። ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ከቆመ ቺፑ ሪሴት ይሆናል፣ እግሮቹ ሁሉ ይለቃሉ፣ ኮንታክተሩም ይወድቃል። እንዲወድቅ ግን ኮንታክተሩን በሚነዳው ትራንዚስተር መግቢያ ላይ ወደ ግራውንድ የሚጎትት ሬዚስተር መኖሩን አረጋግጪ።

ከዚያም በላይ፣ ሞተር እየዞረ ብሬክፖይንት ጨርሶ አትጠቀሚ። የምትፈልጊው የከረንቱን ቁጥር ማየት ከሆነ አርቲቲ የተባለውን መንገድ ተጠቀሚ። ፕሮግራምሽ ቁጥሮቹን በራም ውስጥ ባለች ትንሽ ቦታ ይጽፋል፤ ፕሮቡ ፕሮሰሰሩን ሳያቆም ከዚያ ያነባል። የኮርቴክስ-ኤም ፕሮሰሰር ይህን ይፈቅዳል፣ ኦፕን-ኦሲዲም ይደግፈዋል። ፌዝ የጠፋባትን ቅጽበት የምታገኚው በዚህ ነው። በእርምጃ ብታስኪጂው እኮ ያቺ ቅጽበት አንቺ መስመር እስክትቆጥሪ አትጠብቅሽም።

ደሴ ተቀምጬ ላርመው ወይ ላልሽው፣ ማየት አዎ፣ ማቆም አይሆንም። የሞባይል ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ ስለማይሰጥ ፓይው ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ በዋየርጋርድ ወይም በኤስኤስኤች መሿለኪያ ይገናኝ። 3333ን በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቺ፤ በሩ የይለፍ ቃል የለውም፣ የደረሰበት ሁሉ ቺፑን ማንበብም መደምሰስም ይችላል። አዳዲሶቹ የኦፕን-ኦሲዲ ቅጂዎች ካልነገርሻቸው በቀር ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የማይቀበሉት ለዚሁ ነው። ቁጥሮቹን በአርቲቲ ከደሴ ስታነቢ መዘግየቱ አይጎዳሽም። ከደሴ ሆኖ አዲስ ፕሮግራም መጫን ወይም ሪሴት ማድረግ ግን፣ አባትሽ በዚያች ሰዓት ቀበቶውን በእጃቸው እያጠበቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ስልክ ደውለሽ ሞተሩ ከመስመሩ መነጠሉን ከአፋቸው ሳትሰሚ አንድም ትእዛዝ አትላኪ።

በሚቀጥለው ስትወርጂ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፍተሽ ቦርዱን ግጠሚ፣ ከዚያ ምንም ሳትቀይሪ መቶውን ፒንግ ሁለት ጊዜ ላኪ፤ አንዴ ሞተሩ ቆሞ፣ አንዴ ሞተሩ እየዞረ። ሁለቱን ውጤት ከነኮንታክተሩ መልስ፣ ሲይዝ ወይስ ሲለቅ የሚለውን፣ ጻፊልኝ፤ ፓይ ከመግዛትሽ በፊት አብረን እናየዋለን።